በአርባ ዓመት ደብተር



በዚህ ግቢ ውስጥ ሁለት ሴቶች ጎን ለጎን ሆነው፣ አንዷ ጥቁር ጃንጥላ፣ አንዷ ዘንቢል ይዘው ወደ ክፍል ሲገቡ አይታችሁ እንደ ሆነ፣ እኛ ነን። በመጀመሪያው ሰሞን መምህራን መስለናችሁ ብድግ ያላችሁልን ጊዜ ነበር፤ እኛም አፍረን «ኧረ ተቀመጡ ልጆች» አልን። አሁንማ ለመዳችሁን፤ «ማዘር» ትሉናላችሁ። አንቀየምም። ታናሻችን ሠላሳ ዘጠኝ፣ ታላቃችን አርባ አንድ ዓመቷ ነው፤ አንዳንዶቻችሁን የሚያህል ልጅ በየቤታችን አለን።

ታዲያ ሻይ ልንጠጣ በተሰለፍን ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመጣብናል። «በዚህ ዕድሜ ምን አመጣችሁ? ደግሞስ ከመጣችሁ አይቀር ለምን ነርስ አልሆናችሁም? ሶሻል ወርክ ምን እንጀራ ይሆናል?» የጥያቄው የመጀመሪያ ግማሽ ቀላል ነው፤ የነበርንበት ሥራ አንገፈገፈን፣ መጣን። ሁለተኛው ግማሽ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ያጨቃጨቀን፣ አንድ ጊዜም ለሦስት ሳምንት ያኳረፈን ነገር ነው። የዚህች መጽሔት አዘጋጆች «እስቲ ጻፉት» ባሉን ጊዜ ደግሞ ማን ይጻፈው በሚል ሌላ ጭቅጭቅ ተነሣ። በመጨረሻ አንዷ እየተናገረች አንዷ እየጻፈች፣ በየመካከሉም እየተራረምን፣ ይኸው።

እኛ የቴፒ ሰዎች ነን። ቴፒን የማታውቁ ካላችሁ፣ በሸካ ዞን በየኪ ወረዳ ያለች ከተማ ናት፤ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ውስጥ ነን። ከደጋ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚለው «ይሞቃል» ነው፤ ቀጥሎ «ኧረ ይዘንባል!» ይላል። ቡናው በትልልቅ ዛፍ ጥላ ሥር ነው፤ ኮረሪማው፣ ቁንዶ በርበሬው፣ እርዱ፣ ሙዙ ሁሉ አለ። አገሬው ሸካቾው፣ ሸኮው፣ መዠንግሩ ነው፤ ከፋውና ቤንቹ ጎረቤት ነው፤ ከወላይታ፣ ከዳውሮ፣ ከከምባታ፣ ከወሎ፣ ከሸዋ የመጣውም ብዙ ነው፤ ገሚሱ በ1977ቱ ሠፈራ፣ ገሚሱ ቡናውን ተከትሎ። በገበያ ቀን ሙዝ ገዝታችሁ እስክትመለሱ ድረስ አምስት ቋንቋ ይሰማችኋል።

እዚያ በአንድ የቡና እርሻ ውስጥ ከእኛ አንዷ ሚዛን ላይ ነበረች፤ አንዷ ፔሮል ላይ። ዐሥራ ስድስት ዓመት። ሥራውን ለማታውቁት፦ ከመስከረም እስከ ኅዳር ገደማ ለቃሚው ገና ጎህ ሲቀድ ቅርጫቱን ታጥቆ ይገባል፤ ቀዩን እሸት ብቻ መልቀም አለበት፤ አረንጓዴ ከተቀላቀለበት ካቦው ይመልሰዋል። ከሰዓት በኋላ ጆንያውን ተሸክሞ ሚዛኑ ፊት ይሰለፋል። አንዷ ኪሎውን ትጠራለች፣ ይጻፋል። በዐሥራ አምስት ቀን ሌላዋ ስሙን ትጠራለች፤ እሱም አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ይፈርማል። እንግዲህ ሰውን በኪሎና በጣት አሻራ ማወቅ ማለት ይህ ነው። የስንቱን አውራ ጣት እናውቅ ነበር! ጠባሳ ያለበትን፣ ጥፍሩ የወለቀውን፣ በወባ ትኩሳት የሚንቀጠቀጠውን። ቀና ብለን ፊቱን ያየነው ግን ጥቂቱን ነው። ይህን ስንጽፍ ደስ እያለን አይደለም።

የቡናው ለቀማና የወባው ወራት አብረው ነው የሚመጡት። ክረምቱ ሲወጣ ውኃው በየጉድጓዱ ይቆማል፣ ትንኙ ይፈላል፤ ልክ በዚያው ሰዓት ወባ የማያውቅ ደገኛ ሁሉ ለለቀማ ይገባል፤ በየካምፑም አንድ ክፍል ውስጥ ዐሥርም ዐሥራ አምስትም ሆኖ ያድራል።

ነገሩ የተጀመረው በአንድ ጥቅምት ነው፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት። ከዳውሮ በደላላ የመጣች አንዲት ለቃሚ፣ የሁለት ዓመት ልጇን አዝላ የምትለቅም፣ ሚዛኑ ፊት ጆንያዋን እንደ ያዘች ወደቀች። ኪሎው እንኳ አልተነበበም። አራት ወንዶች በቃሬዛ ተሸክመው እስከ ዋናው መንገድ፣ ከዚያ በባጃጅ ወደ ሐኪም ቤት። ልጁን ይዘን ተከተልን።

የተቀበለችን ነርስ ሃያ አራት ዓመት ቢሞላት ነው። ያን ሌሊት በዚያ ክፍል ብቻዋን ነበረች፤ አልጋው ሞልቶ ፍራሽ መሬት ላይ ተነጥፏል። ደም ወሰደች፤ «የከፋ ወባ ነው» አለች፤ አርቴሱኔቱን በደም ሥር ሰጠች፤ ግሉኮስ ሰቀለች። ከዚያ በኋላ በየሰዓቱ እየመጣች ታያታለች። ሌሊቱን በሙሉ አንዴም ስትቀመጥ አላየናትም። ሊነጋጋ ሲል ሴትዮዋ ዐይኗን ገለጠችና «ልጄስ?» አለች። ነርሷ ግድግዳውን ተደግፋ ሳቀች፤ ሳቋ ልቅሶ ይመስል ነበር። ከእኛ አንዷ ያን ጧት በልቧ «ምነው ይህን ሙያ ተምሬው በሆነ» አለች።

በሦስተኛው ቀን «ተሽሏታል፤ ትውጣ፤ አልጋው ይፈለጋል» ተባለ። ነርሷ አልተሳሳተችም፤ መሬት የተኙት እየጠበቁ ነበር። እኛም ካምፑ ይቀበላታል ብለን ወደ ሥራችን ሄድን። ከሦስት ቀን በኋላ ገበያ ስንሄድ ከሐኪም ቤቱ አጥር ውጭ፣ ዛፍ ሥር፣ ልጇን አቅፋ አገኘናት። በካምፑ የነበራት ቦታ ለሌላ ተሰጥቷል፤ ስሟ ከመዝገብ ተሰርዟል፤ የደላላው ስልክ ተዘግቷል። ልጁ የሙዝ ልጣጭ ይዞ ይልሳል። ድናለች የተባለችው ሴት ከታመመችው ይልቅ ከስታ ነበር።

ወደ ቤት ወሰድናት። ዐሥራ አንድ ሌሊት አደረች። በእነዚያ ቀኖች ያደረግነውን ብንዘረዝረው ታሪክ አይመስልም፤ ጣጣ ነው የሚመስለው። አንድ ጽሕፈት ቤት ሄድን፤ «ነዋሪያችን አይደለችም» አለን። ሌላ ሄድን፤ እዚያ አንድ ሰው፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ ማኅተም ነበር። ሰውዬው ደግ ነው፤ «እኅቶቼ፣ እኔ ያለኝ ደብዳቤ ብቻ ነው» ብሎ «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል የድጋፍ ደብዳቤ ጻፈልን። የፔሮሏ ሴት ያልተከፈለውን የዐሥራ አምስት ቀን ኪሎ ከመዝገብ ቆፍራ አወጣች፤ ከአለቃዋ ጋራ አራት ቀን ተጨቃጭቃ አስከፈለች። የሚዛኗ ደግሞ ገበያ ለገበያ ስትዞር የዳውሮ ተወላጅ የሆነ ተሸካሚ አገኘች፤ እሱ አንድ ሰው ያውቃል፣ ያ ሰው ደግሞ ተርጫ ሱቅ ያለው ዘመድ አለው፤ በባለሱቁ ስልክ ወንድሟ በገበያ ቀን ተጠርቶ ቀረበ። «ሞታለች ብለን ተላቅሰናል» አለ።

አውቶቡስ ተራ ስንሄድ ረዳቱ ደብዳቤውን አገላብጦ አየና «ማኅተም ነዳጅ አይሆንም እኮ እትዬ» አለን። ደመወዟን ለመሳፈሪያ እንዳትጨርሰው ብለን ነበር ደብዳቤውን ያስያዝናት። ተሳፋሪዎቹ ሰምተው አዋጡ። ሄደች።

ይህ ሁሉ መንከራተት የሙያ ስም እንዳለው ያን ጊዜ አናውቅም። ከወራት በኋላ ከአንድ ዩኒቨርሲቲ መጠይቅ ይዞ የመጣ ልጅ ታሪኩን ሰምቶ «ይህማ ኬዝ ማኔጅመንት ነው፤ ሶሻል ወርከር የሚሠራው ይህን ነው» አለን። ሳቅን። እኛ ጣጣ ያልነውን እሱ አራት ዓመት ይማረዋል! ማታ ግን ሁለታችንም አልተኛንም፤ በማግሥቱ ስንገናኝ አንዷ ሌላዋን «ሰምተሻል ያን ልጅ ያለውን?» አለቻት።

በዚህ ብቻ ቢቆም ኖሮ ምርጫው ቀላል ነበር። አልቆመም። በተከታዩ ዓመት አንድ ሌሊት የካምፑ ሰዎች በራችንን አንኳኩ። ሕፃን በትኩሳት እየተንዘፈዘፈ ነው። ለምን ወደ እኛ መጡ? ያችን ሴት ያዳኑት እነዚያ ሴቶች ናቸው ብለው ነዋ! ያዳነቻት ነርሷ መሆኗን ማን ይንገራቸው። ባጃጅ እስኪገኝ ልጁን ይዘን ቆምን። በጀርባው አስተኛነው፤ በጎኑ መሆን እንዳለበት አናውቅም። አንዷ አፉን በማንኪያ ልትከፍት ሞከረች፤ ይህም ስሕተት ነው፤ ኋላ ነው የተማርነው። ባጃጁ ሲመጣ ልጁ ሞቶ ነበር። የሞተው በእኛ ይሁን በወባው አናውቅም፤ ማንም አልወቀሰንም። እናቱ እንዲያውም እጃችንን ሳመች። እስከ ዛሬ ከሁሉ የሚከብደን እሱ ነው።

ወደዚህ ግቢ ለመምጣት የቆረጥነው ከዚያ በኋላ ነው። ዕቁብ ወጣልን፤ አንዷ ላም ሸጠች፤ የአንዳችን ባል ሁለት ወር አኩርፎ ታረቀ። የድሮ ማስረጃችንን አቧራውን አራገፍነው፤ ሁለታችንም በጊዜያችን የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች ስለ ነበርን ሁለቱም በር ክፍት ነበር። አንድ ነገር ተማምለን ነበር፤ የምንገባው አንድ ክፍል ነው። ለሁለት የሚበቃ የመጽሐፍ ገንዘብ የለንም፤ የኪራይ ቤታችንም አንድ አምፖል ነው ያለው። እንግዲህ ነርስ ወይስ ሶሻል ወርክ?

የሚዛኗ ሴት ለነርስነት ተሟገተች። «ያ ልጅ የሞተው ደብዳቤ የሚጽፍለት ስላጣ ነው እንዴ?» ትላለች። ለዚህ መልስ የለውም። ደግሞም ነርስ ስትሆን ማንም በር አይዘጋብሽም፤ ነጭ ጋዋን ለብሰሽ ስትመጪ ካቦውም ይነሣል። በቴፒ ሽማግሌዎቹ ወንዱን ነርስ ዛሬም «ዶክተር»፣ አንዳንዴም እንደ ድሮው «ድሬሰር» ይሉታል፤ ሴቷ «ሲስተር» ናት። ክብሩ የቆየ ነው። ልዕልት ፀሐይ እንኳ በስደቱ ዘመን ለንደን ላይ በሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምራ ነው የተመለሰችው፤ ወዲያው በ1934 ዓ.ም. በወሊድ ምክንያት ሞተች እንጂ።

የፔሮሏ ሴት ደግሞ እንደ ልማዷ ሒሳብ አወጣች። የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ በስድሳ ነው። አራት ዓመት ተምረን ስንወጣ ታላቃችን አርባ አራት ገደማ ይሆናታል፤ የሚቀረን ዐሥራ ስድስት ዓመት ገደማ ነው። የሌሊት ተረኛ ሆኖ መቆም፣ በሽተኛ ማገላበጥ፣ ደረጃ መውጣት፤ ጉልበታችን በጆንያው ሥር አልቋል። በሌላ በኩል እናንተ የነርስ ተማሪዎች እንደምታውቁት ተመርቆ፣ የሙያ ፈቃድ ፈተናውንም አልፎ፣ የቅጥር ማስታወቂያ የሚጠብቅ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ሞልቷል። «የእነዚያን ወንበር ልንቀማ ነው?» ትላለች። ይህ የመጨረሻው ነገር ትንሽ ማስመሰል አለበት፤ እውነቱን እንናገር ከተባለ እሷ ደም ስታይ ራሷን ያዞራታል።

የሚዛኗ መለሰች፤ «ሶሻል ወርክስ ወንበሩ የታለ?» ይህም ልክ ነው። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየገጠሩ ቀበሌ ሁለት ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እንዲኖሩ ተደርጓል፤ ሴቶች ናቸው፣ ደመወዝ አላቸው፣ ቤት ለቤት ይዞራሉ። እኛ ባየናቸው ቀበሌዎች ግን በሶሻል ወርክ የተቀጠረ አንድም ሰው አላጋጠመንም። ስሙን እንኳ የሚያውቅ የለም። ይህ ደግሞ ያለ ምክንያት አይደለም። የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1959 ተከፍቶ ነበር፤ በአብዮቱ ዘመን ተዘጋ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እንደገና የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። እኛ ተወልደን፣ አድገን፣ ተማሪ ቤት ገብተን እስክንወጣ ድረስ ሙያው በአገሩ ትምህርት ቤት አልነበረውም ማለት ነው!

የአንዳችን እናት ደግሞ ሌላ ጥያቄ አመጡ። ቡና እየተጠጣ ሶሻል ወርክ ምን እንደ ሆነ ስንነግራቸው ዝም ብለው ሰሙንና «ታዲያ እሱ ዕድር አይደለም እንዴ? ለዕድር ደግሞ ዲግሪ ምን ይሠራል?» አሉ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትመልሱ ነበር? እኛ ከየትኛውም መምህር የበለጠ ያሠራን ይህ ጥያቄ ነው። እውነት ነው፤ በቴፒ ሰው ሲሞት ድንኳኑ የሚተከለው፣ ንፍሮው የሚቀቀለው፣ ኀዘንተኛው የሚጽናናው በዕድር ነው። አንዳንድ ዕድሮችም ከቀብር አልፈው፣ በተለይ ኤች አይ ቪ ብዙ ወላጅ በፈጀበት ዘመን፣ የሙት ልጅ አሳድገዋል። ነገር ግን ዕድር መዝገብ አለው፤ መዋጮ የሚከፍል በመዝገቡ ላይ ነው። ያቺ የዳውሮ ሴት በየትኛው ዕድር መዝገብ ላይ ነበረች? ያ ሕፃን ሲሞት የካምፑ ሰዎች ከየኪሳቸው አዋጥተው፣ ድንኳን ሳይተከል፣ ጧት ቀብረው ከሰዓት በኋላ ለቀማ ገቡ። ለሦስት ወር የመጣ ሰው ዕድር አይገባም። ቡናው ደግሞ በለቃሚው እጅ ነው የሚወርደው። ይህን ለእናታችን ስንነግራቸው ፍንጃሉን አስቀመጡና «እንግዲህ ዕድር የሌለው ሰው ዕድር ልትሆኑ ነው» አሉ። ከዚህ የተሻለ ትርጉም እስካሁን በመማሪያ መጽሐፍ አላገኘንም።

በዚያ ሰሞን ነው ስለ አበበች ጎበና አብረን ያነበብነው። ስሟን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ያላወቅነው ከዚያ በፊት ምን ትሠራ እንደ ነበር ነው። የቡናና የእህል ድርጅት ሠራተኛ ነበረች፤ ጥራት ተቆጣጣሪ። የእኛው ሰፈር ሰው! እ.ኤ.አ. በ1980 ግሸን ማርያምን ልትሳለም ወሎ ሄዳ፣ በረኀብ ከወደቀው ሕዝብ መካከል ሁለት ሕፃናት ይዛ አዲስ አበባ ተመለሰች። ያን ጊዜ አርባ አምስት ዓመት ገደማዋ ነበረች። በዓመቱ ልጆቹ ሃያ አንድ ደረሱ፤ ቤትም ትዳርም ፈተና ውስጥ ገባ፤ እሷ ግን ልጆቹን ይዛ ወጣች። በ2013 ዓ.ም. ክረምት በኮሮና እስካረፈችበት ቀን ድረስ በዚያው ሥራ ኖረች። ዲግሪ አልጠየቀችም ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ። እኛ ግን እንደ እሷ አይደለንም፤ ያቺን ሴት ዐሥራ አንድ ሌሊት አሳድረን በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ቢሰነብት ኖሮ ባሎቻችን ምን እንደሚሉ እናውቃለን። ደግሞ ደሞዝ እንፈልጋለን።

የሚዛኗ ሴት ተሸነፈች እንዳትሉ ሌላም ሰው አገኘች። ሊሊያን ዋልድ የምትባል የኒው ዮርክ ነርስ እ.ኤ.አ. በ1893 በአንድ የስደተኞች ሰፈር የቤት ውስጥ አስታማሚነት ስታስተምር፣ አንዲት ልጅ እያለቀሰች መጥታ ወደ እናቷ ወሰደቻት፤ እናቲቱ ወልዳ በደም ተነክራ ተኝታለች፤ ሐኪሙ ክፍያ ስላልተገኘ ጥሏት ሄዷል። ዋልድ ከዚያ በኋላ ወደ ሕክምና ኮሌጅ ትምህርቷ አልተመለሰችም፤ እዚያው ሰፈር ገብታ ኖረች፤ ነርሶችን ቤት ለቤት አሰማራች፤ ስለ ኪራይ ቤቱም፣ ስለ ሕፃናት ጉልበት ሥራም ተሟገተች። «አየሽ» አለች የሚዛኗ፣ «ነርስ ሆኖ ሁለቱንም መሥራት ይቻላል።» የፔሮሏ ደግሞ «የዚያች የእኛዋ ነርስ ሌሊት አንዴም ስትቀመጥ አይተሻል? የትኛውን ሰዓት ቆርጣ ነው ገበያ ለገበያ ተሸካሚ የምትፈልገው?» ስትል ሦስት ሳምንት የተኳረፍነው በዚህ ነው። ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ በዚህ ጽሑፍ ላይ እንዳይገባ ተስማምተናል።

የታረቅነው በሽማግሌ አይደለም፤ በሒሳብ መዝገብ ነው። አንድ ማታ የፔሮሏ ሴት በባዶ ወረቀት ላይ ባለን ነገር ሁሉ ዝርዝር አወጣች። ጉልበት፦ ትንሽ። ዐይን፦ በመነጽር። የተፈጥሮ ሳይንስ፦ የተረሳ። ከዚያ በታች ደግሞ፦ አማርኛ፣ ካፊኖኖ፣ ሸኪኖኖ፣ ጥቂት ዳውርኛ። የየካምፑን ካቦ በስሙ። የየጽሕፈት ቤቱን ጸሐፊ በእናቱ ስም። የትኛው ደላላ ስልኩን እንደሚዘጋ፣ የትኛው እንደማይዘጋ። ለቃሚው ሳይከፈለው ሲቀር ኪሎው በየትኛው መዝገብ ላይ እንደሚደበቅ። ዐሥራ ስድስት ዓመት የሰበሰብነው ይህን ነው። ነርስ ብንሆን ከሃያ ዓመት ልጅ ኋላ ቆመን ነው የምንጀምረው፤ በዚህኛው ግን አርባ ዓመታችን ራሱ ዕቃ ነው። የሚዛኗ ሴት ወረቀቱን ረጅም ሰዓት አየችው። «የልጁስ ነገር?» አለች። የፔሮሏ መልስ አልነበራትም። ቅጹን ግን በማግሥቱ ሞላነው፤ ሁለታችንም ሶሻል ወርክ።

ይኸው ሁለተኛ ዓመታችን ነው። የምንማረው አንዳንዱ ለአሜሪካ ከተማ የተጻፈ ይመስላል፤ ደንበኛውን ቢሮ ቁጭ ብለሽ ጠብቂው ይላል፤ በቴፒ ጭቃ ማን ቢሮ ይመጣል? አንዳንዱ ግን ዐሥራ ስድስት ዓመት ያየነውን ነገር ስም እየሰጠ ያሳየናል፤ ያን ጊዜ ሁለታችንም ከኋላ ወንበር እንተያያለን።

የሚዛኗ ሴት ከቀይ መስቀል በጎ ፈቃደኞች የመጀመሪያ እርዳታ ተምራለች። የሚንዘፈዘፍ ሕፃን በጎኑ ይተኛል፤ አፉ ውስጥ ምንም አይገባም፤ ጊዜው ይቆጠራል። ይህን ለጓደኛዋ በትራስ ላይ አሳይታታለች፤ እሷም ተምራዋለች። አንዳንድ ማታ አምፖሉ ከጠፋ በኋላ አሁንም ታነሣዋለች፤ «ያኔ ብናውቅ ኖሮ» ትላለች። የነርስነቱን ቅጽም አልቀደደችውም፤ ከደብተሯ መካከል አለ።

በመጪው መስከረም ለመስክ ልምምድ ወደ ቴፒ እንሄዳለን፤ ለቀማው ሲጀመር ማለት ነው። የካምፑ ካቦ ባለፈው የዕረፍት ጊዜ መንገድ ላይ አግኝቶን «ሲስተሮቹ! መቼ ነው መርፌውን ይዛችሁ የምትመጡልን?» አለን። አላረምነውም፤ ባጃጅ እየጠበቀን ነበር።